ከሚካኤል ደረሰኝ

ማክሰኞ ዕለት ወንድሜ ሰቆጣ የደረሰው ገና ሳይረፍድ ነው። ከፃግብጂ በኩል ካለው መንደራችን እስከ ከተማው አራት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። በሩን ሲቆረቁር የተከራየኋት ክፍል ውስጥ ደብተሬ ላይ ተደፍቼ ነበር። ግንቦት ነው። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። በትንሽ ስልቻ የገብስ ቆሎ ይዞልኝ መጥቷል። ቁጭ ብሎ ከጫማው ጠጠር አራገፈና፣ "ዛሬ ትምህርት ትቀራለህ፤ አንደበቴ ነህ" አለኝ።

ስለ አማርኛው ነው እንዲያ ያለኝ። ወንድሜ የገበያ አማርኛ ያውቃል። በግ ይሸጥበታል፣ ጨው ይገዛበታል፣ ይቀልድበታልም። ቢሮ ሲገባ ግን ይጠፋበታል። ወንበር ላይ ከተቀመጠ ሰው ፊት ሲቆም የሚያውቀው ሁሉ ይበተንና የቤታችን ቋንቋ ኽምጣና ብቻ ይቀረዋል። እኔ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አስተርጓሚው ነበርኩ። ግብር ሲከፍል፣ ማዳበሪያ ሲወስድ፣ አንድ ጊዜም ሚስቱ ታማ ጤና ጣቢያ ስንሄድ። እናትና አባታችን ካለፉ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ እኔም በዚህ የምከፍለው ይመስለኝ ነበር።

ያን ቀን ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። ምንም የተለየ ነገር አልነበረበትም። የሄድነው ብድር ልንጠይቅ ነው።

ሚያዝያ ላይ ከሁለቱ በሬዎቹ አንዱ ሞተ። ሆዱ ተነፍቶ በሁለት ቀን ውስጥ። አንድ በሬ የቀረው ሰው እንደሱ አንድ በሬ ካለው ሰው ጋር ያቀናጃል፤ ተራ በተራ ያርሳሉ። ያን ዓመት ግን በመንደራችን ባለ አንድ በሬው ሁሉ አስቀድሞ ተቀናጅቶ ነበር። ዝናቡ ሳይገባ ሁለተኛ በሬ ካልተገኘ ወንዝ ዳር ያለችው ማሳ ከእጃችን ትወጣለች። የወንድሜን ሚስትና ሁለት ልጆቹን የምታበላው እሷ ናት። የኔንም የቤት ኪራይ የምትከፍለው እሷው ነበረች።

አንድ ወር ሙሉ ዞረ። መጀመሪያ የጠየቀው እድሩን ነው። የእድሩ ዳኛ የአባታችን ወዳጅ ነበሩ። "ልጄ፣ እድር ለሬሳ እንጂ ለበሬ አያበድርም" አሉት። እየሳቁ ነው ያሉት፤ እሱም እየሳቀ ነገረኝ።

ከዚያ ሰቆጣ ውስጥ አንድ ባለሱቅ ጋ አብረን ሄድን። በመቶው ብር በየወሩ አሥር ብር ወለድ፣ ዋሱም የከተማ ሰው መሆን አለበት። ወንድሜ በጣቱ ቆጠረና በኛ ቋንቋ፣ "ይህ በሬ የሚያርሰው ለኔ ሳይሆን ለሱ ነው" አለኝ። ባለሱቁ ምን እንዳለ ጠየቀኝ። ያስብበታል ብዬ ተረጎምኩ። እንዲህ ማድረግ እችል ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው የመንደራችን ባለጸጋ ነበር፤ አራት ጥማድ በሬ ያለው ጎረቤታችን። እሱ ወለድ አልጠየቀም። የበሬውን ዋጋ ስምንት መቶ ብር ዛሬ እሰጥሃለሁ፣ ብሬን እስክትመልስልኝ የወንዝ ዳሯን ማሳ እኔ አርሳታለሁ አለው። ይህን ወለድ አገድ ይሉታል። ብሩ አይወልድም፤ መሬቱ ግን ለአበዳሪው ይወልድለታል። ማሳውን የሰጠ ሰው ብሩን ከየት አምጥቶ እንደሚመልስ ማንም አይነግርህም። አባታችን አንዷን ማሳ በዚህ አስይዘው ሳያስመልሷት ነው የሞቱት። ወንድሜ፣ "እሷን ከሰጠሁ በሬውን ምን ላይ ላቆመው ነው?" ብሎ ተመለሰ።

በመጨረሻ የብድርና ቁጠባ ቢሮው ወሬ ደረሰው። እነሱ መሬት አይዙም። አምስት ገበሬዎች በቡድን ሆነው ይገባሉ፤ አንዱ ላንዱ ዋስ ነው። አንዱ ካልከፈለ አራቱ ይከፍሉለታል። አንዱ ከጎደለ ደግሞ አራቱም አያገኙም። ተማሪና ደመወዝተኛ አይገባም። ወንድሜ አራት ሰው አገኘ፤ ሁሉም የኛው አካባቢ ሰዎች። ከመካከላቸው በዕድሜ ትልቁ ወታደር ቤት ኖሮ የተመለሰ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ነበር። አማርኛው ከኔ የተሻለ ነው። እሱን ሽማግሌው እለዋለሁ። እሱ እያለ ወንድሜ እኔን የፈለገኝ፣ ስለ ቤቱ ጉዳይ የሌላ ሰው አፍ መዋስ ስለማይወድ ነው።

ቢሮው ውስጥ አንድ ጠረጴዛና አንድ አግዳሚ ወንበር ነበር። ጠያቂው ወጣት ነው፤ ከኔ ብዙ አይበልጥም። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ ለስላሳ። እያንዳንዱን በተራ እየጠራ ቅጽ ይሞላል። የወንድሜ ተራ ሲደርስ አጠገቡ ቆምኩ። የቤተሰቡን ቁጥር፣ የማሳውን ብዛት ጠየቀ። ተረጎምኩ። ስንት በሬ አለው ሲል ወንድሜ አንድ ተኩል አለ። ጠያቂው ቀና ብሎ ግማሹ ምንድነው አለ። ወንድሜ፣ "የሟቹ ቆዳ ነው፤ ገና አልተሸጠም" አለ። እሱን ስተረጉም ቢሮው በሙሉ ሳቀ። ወንድሜ አልሳቀም፤ ደስ ግን አለው።

ከዚያ ጠያቂው ከወረቀቱ ላይ እያነበበ፣ "ከሌላ አካል ያልተመለሰ ዕዳ አለበት ወይ?" አለ።

እዚህ ላይ ቀስ ማለት አለብኝ። አካል የሚለውን ቃል ያኔ የማውቀው ከሳይንስ ደብተሬ ነው። እጅ፣ እግር፣ ሆድ። በቢሮ አማርኛ መሥሪያ ቤት ወይም ድርጅት ማለት እንደሆነ አላወቅሁም። ገመትኩ። ሌላ ዕዳ አለብህ ወይ ይልሃል አልኩት። ወንድሜ አሰበ።

"ለሰው ብቻ ነው ወይስ ለማንም?" አለኝ።

ጠያቂውን መጠየቅ ነበረብኝ። አንድ ጥያቄ ነው። አልጠየቅሁም። ቃሉን እንደማላውቅ እንዳይታወቅብኝ ብዬ ነው። ሽማግሌው ከኋላዬ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፤ እሱም እንዳይሰማኝ።

"ለማንም" አልኩት።

"እንግዲያ አለብኝ" አለ። "የሚካኤል አለብኝ። አንድ በግ።"

ለምን እንደሆነም እዚያው ተናገረ። ስምንተኛ ክፍል ስፈተን፣ ካለፍኩለት ከወንዙ ማዶ ላለው ሚካኤል በግ ሊያስገባ ተስሎ ነበር። አለፍኩ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ሆነው። በመጀመሪያው ዓመት በጉ ለኪራዬ ተሸጠ። በሁለተኛው ለደብተርና ለጫማዬ። ስለ ስለቱ እስከዚያች ደቂቃ ምንም አላውቅም ነበር። በሬው የሞተበትም በዚህ ሳይሆን እንደማይቀር ልቡ እንደሚነግረው ጨመረ። እኛ ዘንድ ለሰው ያለብህም ለታቦት ያለብህም ያው ዕዳ ነው። የታቦቱ እንዲያውም ይብሳል፤ ሰው ይረሳል።

ሁሉንም ተረጎምኩ። ባለሱቁ ጋ ያስብበታል ብዬ ያለፍኩት ልጅ እዚህ አንድ ቃል አላስቀረሁም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት አፍሬ ነው። ምናልባት ስለ እኔ የተባለውን መደበቅ ስላልቻልኩ ነው።

ጠያቂው ፈገግ አለ። እስክርቢቶውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገና፣ "በል እንግዲህ ከሚካኤል ደረሰኝ ያምጣ" አለ። ከኋላዬ ሽማግሌው ሲስቅ ሰማሁ። እኔ አንገቴን እንደደፋሁ፣ "ከሚካኤል ደረሰኝ አምጣ ይልሃል" አልኩ። ቃሉን አሻገርኩት። ፈገግታው ግን ከአማርኛው ማዶ ቀረ።

ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ፤ ልክ ነው እንደሚል ሰው። ጠያቂው ዓርብ ከምሳ በፊት ብሩ እንደሚሰጥ፣ ከዚያ በኋላ የዚያ ክረምት ብድር እንደሚዘጋ ነግሮን ወረቀቱን ሰበሰበ።

ወጥተን ሻይ ቤት ገባን። ሁለት ሻይና አንድ ዳቦ አዘዘ፤ ዳቦውን ለኔ ገፋልኝ። ነገ አሥራ ሁለት ነው፣ የሚካኤል ቀን ነው አለ። ከቤት የቀረችውን አንዲት በግ ነገውኑ አስገብቶ ከነወረቀቱ ዓርብ ሊመጣ ነው። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለ ወረቀት ሲሰጥ አይቼ አላውቅም አልኩት። ለመንግሥት ከሆነ ይጽፋሉ አለኝ። እኔም ዳቦዬን መብላት ቀጠልኩ። እውነት ለመናገር የዚያን ጊዜ የማስበው ከሰዓት በኋላ ስላለው የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነበር።

የላምባ መግዣ ብሎ አሥር ብር ሰጠኝ። ከተማው ጫፍ ድረስ ሸኘሁት። ትንሽ ሄድ ብሎ ዞረና፣ "ይህን ደግሞ እለፍ" አለኝ። "ሌላ በግ ግን የለኝም።"

እየሳቀ ነበር። ሄደ።

ሐሙስ ማለዳ ከቡድኑ ሁለት ሰዎች የክፍሌ በር ላይ ቆሙ። ወንድምህን ትንሽ አሞታል፣ ይፈልግሃል አሉኝ። በኛ አገር መርዶ በመንገድ አይነገርም። ለታመመ ሰው ግን የሚላከው አንድ ሰው ነው። ሁለት ሲመጡ ይታወቃል። ምኑን አመመው ብዬ አልጠየቅኋቸውም። እነሱም አልተናገሩም። አራቱን ሰዓት እንደዚያው ሄድን። መንገድ ላይ አንደኛው ውሃ ጠጣ ብሎ ኮዳውን ሰጠኝ፤ ሳልጠጣ መለስኩለት። መንደራችን ከሚታይበት ጋራ ስንደርስ የሴቶቹ ለቅሶ ተሰማ። ያኔ ሁለቱም ከግራና ከቀኝ ክንዴን ያዙኝ።

ስለ ቀብሩ ብዙ መጻፍ አልችልም። ከፈኑን እድሩ ሰጠ። የእድሩ ዳኛ ጉድጓዱ አጠገብ ቆመው ነበር፤ አንድም ጊዜ ፊቴን አላዩኝም። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ አንድ አዛውንት እንደ ልማዱ ተነሥተው፣ ሟች ያለበት ወይም ለሟች ያለበት ሰው ካለ እዚሁ ይናገር አሉ። ከወንዙ ማዶ የመጡት የሚካኤሉ ቄሰ ገበዝ ብቻ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ "ለሚካኤል የነበረበትን ትናንት ከፍሏል" አሉ። ከሰዎቹ ብዙዎቹ ምን ለማለት እንደፈለጉ አልገባቸውም። እኔ ገባኝ።

ለቅሶ ቤት ስንመለስ ቄሰ ገበዙ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። የሆነውን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

ወንድሜ በጊዜ ደርሶ ቅዳሴ አስቀድሷል። በጓን አስረክቧል። ከዚያ ወረቀት ይጻፍልኝ አለ። "የስለት ወረቀት ሰጥተን አናውቅም፣ ሚካኤል ያውቃል አልኩት" አሉኝ። "ሚካኤልማ ያውቃል፣ ቢሮው ነው የማያውቀው አለኝ። ሳቅሁና ጻፍኩለት።" ጽሑፉ አላቆያቸውም። ማኅተሙ ግን ከጸሐፊው ቤት ነበር፤ ጸሐፊው ደግሞ ለዝክር ጎረቤት ሄዷል። ልጅ ላኩ። ያለ ማኅተም ይሂድ ቢሉት፣ ማኅተም የሌለውን አይቀበሉትም አለ። በዚያ መካከል ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ወንዙን አይቶ ተመለሰ። ውሃው ከጉልበት በታች ነበር። በኛ በኩል ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ደጋው ላይ ግን ጠቁሯል።

"ማኅተሙ ቶሎ ቢገኝ ኖሮ" አሉና አቆሙ። መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "ልጄ፣ እኔ ልጽፍለት አይገባኝም ነበር።"

ወንዙ መካከል ሲደርስ ከላይ ደራሹ ውሃ መጣ። ከማዶ ከብት የሚያግዱ ሰዎች ጮኹለት። ሰምቷቸዋል፤ ሮጧልም። አምስት እርምጃ ሲቀረው ነው የወሰደው አሉ። ጀምበር ሳትጠልቅ ከታች ከመታጠፊያው ላይ አገኙት።

ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ በጋቢው ጫፍ ቋጥሮት ነበር። የወንድሜ ሚስት ከልብሱ ጋር ድንጋይ አጥሩ ላይ አስጥታዋለች። ሄጄ አየሁት። ቀለሙ ፈሷል። የሚነበበው ማኅተሙና የበጉ ቁጥር ብቻ ነው። አንድ።

ከቀትር በኋላ ሽማግሌው መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሰዎቹ ስለ ዝናቡ በዝግታ ያወራሉ። ደረሰኙን ፍለጋ ባይሄድ ኖሮ አልኩት።

"የምን ደረሰኝ?" አለኝ።

ቢሮው የጠየቀውን አልኩ። ዞሮ አየኝ።

"ያ ልጅ ቀልዶ እኮ ነው" አለ። "እናንተ ወደ ሻይ ቤት ስትሄዱ እኔ ተመልሼ ጠየቅሁት። ስለትማ ዕዳ አይባልም፣ የለም ብዬ ሞልቼዋለሁ አለኝ። የአምስታችንም ወረቀት አልፏል።"

"ለምን አልነገርከንም?"

"ምኑን ልንገር? ቀልድ መሆኑን ያወቃችሁ መስሎኝ።"

ከዚያ ነገሩ ገባው። አግዳሚው ላይ ሆኖ ሲስቅ እኔ ምን ብዬ እንደተረጎምኩ አላዳመጠም ነበር። በጋቢው አፉን ሸፈነ። በመጨረሻ፣ "ለሷ አትንገራት" አለኝ። ለወንድሜ ሚስት ማለቱ ነው። አልነገርኳትም። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። ይህን ለመጻፍ የደፈርኩት ለዚህም ጭምር ነው፤ ብዋሽ ምን ያደርግልኛል።

ከዚያ በኋላ ባለጸጋው ጎረቤታችን መጣ። ክፉ ሰው አይደለም። ሁለት እንስራ ጠላና አንድ መሶብ እንጀራ አስይዞ ነው የመጣው። የወንድሜ ሚስት ፊቷን ነጭታ፣ ሁለቱን ልጆች እግሯ ሥር አድርጋ ተቀምጣለች። ጎንበስ ብሎ፣ "አይዞሽ፣ ማሳው ጦም አያድርም። እኔ አለሁ" አላት። መልካም ቃል ነው። አጠገቧ ያሉት ሴቶች ግን ቀና ብለው እርስ በርስ ተያዩ። ትልቁ ልጅ ገና አምስት ዓመቱ ነው። ማሳዋን ለባለጸጋው ብንሰጥ፣ ይህ ልጅ ጎረምሳ ሆኖ በስምንት መቶ ብር ሲያስመልሳት ለማሰብ ሞከርኩ። አባታችን ያስያዙት መሬት ታወሰኝ፤ እስከ ዛሬ ሌላ ሰው ያርሰዋል።

አራቱ የቡድኑ ሰዎች ከአጥሩ ውጭ ቆመው ነበር። ለሽንት ወጥቼ ስመለስ አንደኛው፣ "ነገ ዓርብ ነው" ሲል ሰማሁ። ሌላው ዝም በል፣ የሰው ሬሳ ሳይበርድ የበሬ ወሬ ታወራለህ ወይ አለው። የመጀመሪያው አልተቆጣም። እኔስ ቤት ልጅ የለም ወይ አለ ብቻ። እውነቱን ነው። አምስተኛ ሰው ከሌለ ከአራቱ አንዱም ብር አያይም፤ አምስት ቤት ነው በሬ የሚያጣው። የወንድሜ ሚስት እንዳትገባ፣ ትናንት ባሏ የሞተባት ሐዘንተኛ ከቤት አትወጣም።

ሄድኩና አምስተኛው እኔ ልግባ አልኳቸው።

ሽማግሌው፣ "ተማሪ አይገባም ብለዋል፤ ሰምተሃል" አለኝ።

"ተማሪ አልሆንማ።"

አንደኛው በከዘራው መሬቱን ጫረ።

"ወንድምህ ይህን አይወድም" አለ ሽማግሌው።

"ማሳዋ ብትሄድስ ይወዳል?"

ተያዩ። ከዚያ የቀበሌውን ሊቀመንበር ከለቅሶው መካከል ጠርተው አወጡት። ተንበርክኮ ጉልበቱ ላይ ጻፈልን፤ የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፣ ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ነው፣ የቤቱን እርሻ የተረከበ ነው ብሎ። ትምህርት ማቆምህን ግን እኔ አልመሰክርም፤ እሱን ከትምህርት ቤትህ መሸኛ አምጣ አለኝ።

ዓርብ ገና ሰማዩ ሲቀላ ተነሣሁ። የወንድሜ ሚስት በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። እንዳልተኛች ታስታውቃለች። ጫማዬን ሳስር አየችኝ።

"ወደ ትምህርትህ ነው?" አለችኝ።

"አዎ፣ እታለም።"

"ሂድ" አለች። "ሰው ምን ይላል አትበል። እሱ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።"

ከአራቱ ጋር ተያይዘን መንገድ ጀመርን። ሰቆጣ ስንደርስ ረፍዷል፤ መጀመሪያ ወደ ክፍሌ ሄጄ መጻሕፍቴን በጆንያ አደረግሁ። አራቱ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔ መዝገብ ቤት ገባሁ።

የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ትልቅ ሰው ነበሩ። መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ቆጥረው ተረከቡኝ። መሸኛ እንደምፈልግ ስነግራቸው ፋይሌን አውጥተው ውጤቴን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ፈተናው ሦስት ሳምንት ነው የቀረው" አሉ።

"አውቃለሁ።"

"ምን ሆነህ ነው?"

ወንድሜ መሞቱን ነገርኳቸው። ነፍስ ይማር አሉ፤ መነጽራቸውን አወለቁ። ለሐዘን ፈቃድ አለ፣ ፈቃድ ልጻፍልህ፣ እስከ ፈተናው ድረስ ቤትህ ሁን፣ ለፈተናው ብቻ ና አሉኝ። ለአፍታ ያህል ልቤ ወደዚያ ሄደ። አልዋሽም።

"ፈቃድ ከጻፉልኝ ተማሪ ነኝ ማለት ነው?" አልኳቸው።

"እንዴታ፣ ነህ እንጂ።"

"እንግዲያ አይሆንም።"

እስክርቢቶውን አነሡ። "ምክንያት ብዬ ምን ልጻፍ?"

"እርሻ ብለው ይጻፉ።"

ጻፉ። ማኅተም አደረጉበት። ፈርም አሉኝና መዝገቡን ወደኔ አዞሩት፤ ፈረምኩ።

ስወጣ አራቱ ከድንጋዩ ላይ ተነሡ። ሽማግሌው እጁን ዘረጋ፤ ወረቀቱን ሰጠሁት። ከላይ እስከ ታች አነበበው። አጥፎ መለሰልኝና ኪስህ ውስጥ ክተተው አለኝ። ወደ እኩለ ቀን እየተጠጋ ነበር። ብድር ቢሮው ሳይዘጋ ብለን አምስታችንም በፈጣን እርምጃ ወደ ላይ ወጣን።